የችግሩ ሥርና የቦኖው ቁልፍ

ችግርን በዛፍ መልክ የሚስል ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን መካነ ሰላም ላይ ገጥሞኛል፤ ፊደልን ያለ አስተማሪ የለየሁ ሰው ነኝና ዛፉን ወዲያው ተረዳሁት። ሴቶቻችን የውሃ ቦኖውን ትተው ለምን ወንዝ እንደሚወርዱ አዳራሽ ተሰብስበን ሁለት ቀን ተወያየን። ባለሙያው ሥሩ ላይ "የግንዛቤ እጥረት" ብሎ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ወይዘሮ ዘይነባ ባዶ ጀሪካን ይዘው አዳራሹ በር ላይ ቆሙ።

"ያረቢ! ልጆቼ በውሃ ጥም አለቁ፤ የቦኖው ቁልፍ የት ነው?"

"የችግሩ ሥር ይኸው!" አልኩና አጠገቤ የተቀመጠውን ቁልፍ ያዥ ሰይድን አሳየሁ። "ስብሰባ በጠራችሁት ቁጥር ቆልፎ ይመጣል።"

"ድንቅ ግኝት ነው፣ አባባ! ለቁልፍ ያዦች የአምስት ቀን ሥልጠና እናቅዳለን" አለ ባለሙያው።

ወይዘሮ ዘይነባ ግን ቁልፉን ከሰይድ እጅ ነጥቀው ሄዱ። እስከ ዛሬ አልመለሱትም፤ ቦኖውም ተዘግቶ አያውቅም።