የሚሳበውን የዋጡት አማቴ

የድሮ መድኃኒት ብዙ ጣጣ አልነበረበትም። ወይ ትውጣለህ፣ ወይ ትወጋለህ፣ አለቀ። ዛሬ ግን እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ የሚለጠፍ አለ፤ ሆድ ገብቶ ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚሟሟም አለ። እኛስ እንደ መድኃኒቱ ተራቅቀናል ወይ? እኔን የሚከነክነኝ ይኸው ነው።

አማቴ ጋሽ ደበላ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። አስም አለባቸው። ሐኪሙ በቅርቡ አዲስ መድኃኒት አዘዘላቸው፤ እንክብልና እፍኝ የማትሞላ የፕላስቲክ መሣሪያ። ዋጋው ከለመዱት ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሆኖም ሰነበቱ እንጂ አልተሻላቸውም። የአዳማ አቧራ በተነሳ ቁጥር ደረታቸው ሲያፏጭ ከሳሎን ይሰማል። ባለቤቴ ብትጨነቅ ጊዜ በባጃጅ ይዣቸው ወደ ፋርማሲው ሄድኩ።

ሐዊ የምትባለው ፋርማሲስት በእርጋታ ጠየቀቻቸው።

"አባቴ፣ እንክብሉን እንዴት ነው የሚወስዱት?"

"በውሃ ነዋ።"

"መሣሪያውንስ?"

"እሱንማ ጠዋት ጠዋት እስባለሁ። ነፋስ ብቻ ነው ያለው።"

ሐዊ አልሳቀችም። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሳሙናው መደርደሪያ አዞርኩ። ለካ እንክብሉ መሣሪያው ውስጥ ገብቶ ይበሳና ዱቄቱ ነው በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳበው!

ልጅቷ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ፣ ወንበር ሰጥታቸው ማስተማር ጀመረች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ አንገቱን አሰገገ። የሳል ሽሮፕ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ጭራሽ ቀስ ብለሽ ድገሚልን አለቻት። ድሮ መድኃኒት ሻጭ ፖስታው ላይ "ከምግብ በኋላ" ብሎ ጽፎ ይገላገል አልነበር? ዛሬ መምህር ሆኖ አረፈው። ለትምህርቱስ ይከፈልሻል ወይ ብዬ ብጠይቃት፣ ዋጋው የመድኃኒቱና የመሣሪያው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ።

ጋሽ ደበላ ደግሞ ለምን እንዲህ ተወደደ አሏት። የሚዋጠው መላ ሰውነት ዞሮ ነው ሳንባ የሚደርሰው፣ ይሄ ግን በቀጥታ ይሄዳል አለቻቸው።

"ኮንትራት ታክሲ ነው በይኛ" አሉ፤ ነገሩ ገባቸው።

ከዚያ እንዳሳየቻቸው ሳቡ። እንክብሉ መሣሪያው ውስጥ ሲሽከረከር ሁላችንም ሰማን። ትንፋሻቸውን ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ለቀቁና "ገለቶሚ ልጄ" ብለው አመሰገኗት።

አሁን፣ ተመስገን፣ ደረታቸው ጸጥ ብሏል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸው የነበሩት አማቴ፣ ዛሬ እራት ላይ ስለ መድኃኒቱ ውድነት ያለ ፋታ ይናገራሉ። ማቋረጥ የቻለ ሰው የለም።