የእትዬ ተናኘ የሲጋራ ትምህርት

አዲስ አበባ ውስጥ ጋውን ለብሰው ከሚያክሙት ይልቅ ነጠላ ለብሰው የሚያክሙት ይበዛሉ። በየሰፈሩ፣ በየብሎኩ አንዲት አትጠፋም። የዐይንን ሽፋን ገልብጠው ደም ማነስን ያውጃሉ፤ ሰላም ሲሉ መዳፍ ጨብጠው በዚያው የልብ ምት ይቆጥራሉ። ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ፤ የተጠየቁትንማ ከሥሩ ጀምረው ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ብሎክ አስራ ሰባት ግን ከሁሉም ይለያል፤ እሱ እትዬ ተናኘ አሉት።

ክብርት እትዬ ተናኘ፣ የሁለተኛው ፎቅ ባለሥልጣን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በጤና ረዳትነት ሠርተው ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወጥተዋል። ወጥተዋል የሚለው ደብዳቤው ነው። እሳቸው ሥራውን ከጤና ጣቢያው ወደ ደረጃው አዛወሩት እንጂ አልተዉትም። ጠዋት የደም ግፊት መለኪያቸውን በዘንቢል ይዘው ይወርዳሉ። ዘበኛው ሀምዱ “እንደምን አደሩ” ሲላቸው ክንዱን አስዘርግተው፣ ለክተው፣ ጨው ቀንስ ብለው ነው የሚያልፉት። የብሎኩ ሕፃናት ሲያገኟቸው ምላሳቸውን ያወጡላቸዋል። እንግዳ ሰው ካየ ይደነግጣል፤ ልጆቹ ግን ስድብ ሳይሆን ምርመራ ላይ ናቸው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ አንድ አዲስ ነገር ያዛቸው፤ ሲጋራ። በተለይ ሲጋራና ሴት። ብሎክ አስራ ሰባት ውስጥ የሚያጨስ ቢኖር ሦስት ወንድ ነው፤ እትዬ ተናኘ ግን ወንዶቹን ረስተው ሴቶቹን ማሳደድ ጀመሩ።

የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ በጠራ ጊዜ፣ ሰብሳቢው አቶ ደመቀ “ሌላ ሐሳብ ያለው?” ቢሉ እጃቸውን አወጡ።

“ሲጋራ የሴትን አጥንት ያሳሳል። በተለይ የወር አበባዋ ካቆመ በኋላ በትንሽ ነገር ይሰበራል።”

“እትዬ፣ አጀንዳው ውሃ ነው እኮ።”

“አጥንት ከሌላት ጀሪካኑን ማን ይሸከመዋል?” አሉና ቀጠሉ። ሲጨርሱም “ለማንም አይደለም፤ ለጠቅላላ ዕውቀት ነው” ብለው ተቀመጡ።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን እማማ ውዳሴን ደረጃ ላይ አስቁመው፣ የምታጨስ ሴት የወር አበባዋ ከጊዜው ቀድሞ እንደሚያቆም አስረዷቸው። እማማ ውዳሴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው በትዕግሥት ሰሙና “ልጄ፣ የእኔ እኮ የቆመው በደርግ ጊዜ ነው” አሉ። እትዬ ተናኘ ፍንክች አላሉም። “ይሁን፣ ለሰው ይነግሩታል።”

ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ። “ሲጋራዬ መጡ” የሚል ቅጽል ወጣላቸው። አንዳንዷ እንዲያውም አረጁ፣ ሐሳብ ይደጋግማሉ ብላ ከልቧ አዘነች። እሳቸው ሁሉንም ይሰማሉ፤ በማግስቱ ደግሞ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ለማስተማር ደረጃው ላይ ይገኛሉ።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ በጭንቀት የምትከታተለው ከእሳቸው ቤት ሥር፣ አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ኮከብ ነበረች። ኮከብ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ኮልፌ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መካከል ከፊት ትቆማለች፤ ባሏ መዝገቡ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በቀን ደግሞ አራት ሲጋራ ታጨሳለች። አስር ዓመት ሆኗታል። መስከረም ላይ ዩኒፎርም ሲጣደፍ፣ እንቅልፍ እንዳይጥላት ከአንዲት የሥራ ጓደኛዋ የተቀበለችው ነው። ጓደኛዋ አግብታ ሐዋሳ ገባች፤ ሲጋራው ኮከብ ዘንድ ቀረ።

የምትገዛው በፍሬ ነው፤ ኮልፌ ታክሲ መያዣው አጠገብ ካለው ከአብርሽ ሱቅ። “ለባለቤቴ ነው” ትላለች። አብርሽ ሁልጊዜ ይናደዳል። “ሰውዬው ደግሞ አንቺን ይልካል? ምከሪው እንጂ እህቴ፣ ሳንባው አለቀ እኮ!” ኮከብም “እየመከርኩት ነው” ብላ ትሄዳለች። እንዲህ ሆኖ ጢስ አፉ ገብቶ የማያውቀው ሽማግሌ መዝገቡ ኮልፌ ላይ የታወቀ ሱሰኛ ነው።

ቤት ስትገባ ባኞ ቤት ትዘጋለች፣ ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ጢሱን ሽቅብ ወደ ማናፈሻዋ ቀዳዳ ትልከዋለች። ከዚያ ጥርሷን ትፋቃለች፣ ጣቶቿን በሎሚ ታሻለች፣ ከረሜላ ትጎርሳለች። ባሏ ቢያውቅ፣ መዘምራኑ ቢሰሙ የት ትገባለች? ስለዚህ እትዬ ተናኘ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቅ ነበር። የሚያጽናናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲያስተምሩ ሁሉንም ሴት ያያሉ፣ እሷን አንድም ቀን አይተዋት አያውቁም። በእሷ ቤት ጸሎት ተደርጎ ለጉርብትና የመጡ ዕለት እንኳ፣ ምስክርነት ያለው ሲባል ተነሥተው ሲጋራ የሴትን የመውለድ ዕድል እንዴት እንደሚቀንስ ሲናገሩ ዐይናቸው ከመጋረጃው አልተነቀለም። አንዲት እህት ልማድ ሆኖባት “አሜን” አለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮከብ ግራ እግሯን እየጎተተች ደረጃውን ስትወጣ እትዬ ተናኘ እየወረዱ ነበር። ከሦስት ቀን ጀምሮ ባቷ ይጠዘጥዛታል፤ ስፌት መኪናው ፔዳል ነው ብላ ንቃዋለች። እትዬ ተናኘ ምንም ሳይጠይቁ ጎንበስ ብለው ባቷን ዳሰሱ። አንደኛው እግር ከሌላው አብጧል፣ ይሞቃል። ፊታቸው ተለወጠ።

“የወሊድ መከላከያ ክኒኑን እየወሰድሽ ነው አይደል? ያንኑ የድሮውን?”

“አዎ፣ ግን እግሬን እኮ ነው ያመመኝ...”

“መዝገቡ!” ብለው በደረጃው ጮኹ። “ታክሲ ጥራ! አሁኑኑ!” ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ማብራሪያ አላከሉበትም፤ ብሎኩን ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

ሆስፒታል እንደ ደረሱ አንድ ወጣት ሐኪም ካርዱን መሙላት ጀመረ። ዕድሜ ጠየቀ፣ ክኒን ጠየቀ። ከዚያ ቀና ብሎ ኮከብን አያት፤ ረጅም ቀሚሷን፣ ከቦርሳዋ ብቅ ያለውን የመዝሙር ደብተር፣ አጠገቧ የቆመውን ከረባታም ባሏን አየ። አንገቱን አቀርቅሮ አንዲት ምልክት አደረገ። እትዬ ተናኘ አንገታቸውን ወደ ካርዱ አስግገው ነበር።

“መዝገቡ፣ አንተ ውሃ ገዝተህ ና፤ ከውጭ ግዛ፣ እዚህ ያለው ይቀዘቅዛል።” እሱ ሲወጣ በሩን ራሳቸው ዘጉት። “ዶክተር ልጄ፣ ‘አታጨስም’ ብለህ ሞላህ። ጠይቀሃታል?”

ልጁ ቀላ። “እማማ፣ እንዲህ ያለች ሴት እንዴት... ነውር አይሆንም?”

“ነውር ነው ብዬ እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት ሳልጠይቅ ሞልቻለሁ። ይቺን ልጅ ክኒን ያስጀመርኳት እኔ ነኝ፤ ካርዷን የሞላሁትም እኔ ነኝ። ጨዋ ስለመሰለችኝ ‘አታጨስም’ አልኩ። አንተ ግን ጠይቅ።”

ኮከብ እግሯን ሳይሆን ፊቷን ነው ያቃጠላት። ውሸቱ አፏ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አስር ዓመት ሙሉ ተለማምዳዋለች። ሐኪሙ ግን አሁን እስክሪብቶውን አስቀምጦ እያያት ነው።

“ታጨሻለሽ?”

“አዎ” አለች። ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሐኪሙ ወዲያው ተነሣና ለአልትራሳውንድ አጣደፋት። ባቷ ውስጥ ባለው ደም ሥር ደም ረግቷል። ሐኪሙ ሳያሽሞነሙን አስረዳት፤ የምትወስደው ዓይነት ክኒን ብቻውንም ደም የማርጋት ባሕርይ አለው፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነች ሴት ሲጋራ ስትጨምርበት ደግሞ ለልብና ለአንጎል ጭምር ያሰጋል። የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባዋ ቢገባ ኖሮ በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት ይችል ነበር። ክኒኑን አስቆማት፣ ደም ማቅጠኛ አስጀመራት፣ አስተኛት።

“እንዴት አወቁ?” አለች ኮከብ ወደ አልጋው ሲወስዷት።

“የባኞ ቤታችን ማናፈሻ አንድ ነው ልጄ። አንቺ ሽቅብ ትልኪያለሽ፣ እኔ እቀበላለሁ። በቀን አራት ነው። ባለፈው ረቡዕ ግን ስድስት ደርሰሽ ነበር፤ ምን ነካሽ?”

ኮከብ አሁን ገባት። ያ ሁሉ አጥንት፣ ያ ሁሉ ማኅፀን፣ ያ ሁሉ መሳቂያ መሆን ለእሷ ነበር። ሴትየዋ አንዲትን ሴት ላለማሳፈር ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን የብሎክ መሳለቂያ አድርገው ኖረዋል። መዝገቡ ውሃውን ይዞ ሲመለስ እሷው ራሷ ነገረችው። እሱም ጠርሙሱን ከፍቶ ሰጣትና “እግርሽ ያማል?” ብሎ ጠየቀ። ሌላው ጥያቄ ቤት ደርሰው ነው የመጣው፤ ቀላልም አልነበረም፤ ግን አለፈ።

አሁን ካቆመች ዘጠኝ ቀኗ ነው። ሲጨንቃት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ትደበድባለች፤ እትዬ ተናኘ መለኪያቸውን አንግተው ይወርዳሉ፤ ብስጭቷን፣ ስድቧን ሳይቀር ተቀብለው ይቀመጣሉ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንደ እሳቸው የወደደችው ሰው የለም፤ ይህንንም ነግራቸዋለች። እሳቸው “ግፊትሽ ጨምሯል” ነው ያሏት።

ትናንት ግን ከልቧ ያልወጣውን ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

“እትዬ፣ ለምን ለብቻዬ ጠርተው አልነገሩኝም? እሱ ሁሉ ልፋት ይቀርልዎ ነበር።”

“ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ካፈርሽ ቤት ለቀሽ ትሄጃለሽ።”

“ብሄድስ?”

እትዬ ተናኘ ክንዷ ላይ የጠቀለሉትን መለኪያ እየፈቱ፣ ይህን የሚያህል ቀላል ነገር እንዴት አልገባሽም በሚል ዐይን አዩዋት።

“የሄድሽበት ብሎክ ውስጥስ ማን ያሸትሻል?”