የክቡር ፔዳል ሦስት ኪሎ ሜትር

በየቤተሰቡ አንድ ብስክሌት ነጂ አይጠፋም። የሚነዳውም ለመድረስ አይደለም፤ ስንት እንዳተረፈ ለማውራት ነው። የእኛ ቤት ድርሻ ታላቅ ወንድሜ፣ ክቡር ፔዳል ነበር።

«ታክሲ ዜሮ! ሐኪም ዜሮ!» ይላል ላቡን እየጠረገ። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ጥግ አስይዞ የጎማ ዋጋ ያስረዳል፤ ለቅሶ ቤት ደግሞ ሟቹ ብስክሌት ቢነዳ ኖሮ ስንት ዓመት ይጨምር እንደነበር ያሰላል።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና የትርፍ ሒሳቡን መረመርኩ። «ሰንሰለት የበላው ሱሪስ? በቀን ሁለት ትርፍ ዳቦስ?»

«ሱሪው ድሮም አርጅቶ ነበር።»

ከሁሉ የከነከነኝ ርቀቱ ነው። ከቤቱ ሥራ ቦታው ደርሶ መልስ ስምንት ኪሎ ሜትር፤ የብስክሌቱ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ግን በየቀኑ አሥራ አንድ።

«ሦስቷ የት ገባች?»

«ብስክሌትም እንደ ሰው ይንጠራራል፣ እመት መዝገብ!»

ባለፈው ክረምት ልቡ ድንገት ቆመ። ሐኪም ዜሮ።

ከወር በኋላ ሚስቱ ደወለችልኝ። «እህቴ፣ ብስክሌቱን ልሸጠው ነው። ቆሞ ይቆጥራል።»

«ምን ይቆጥራል?»

«ነይና እዪው።»

ዕቃ ቤት ውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። ቁጥሩን ጻፍኩ፣ በሩን ራሴ ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። በነጋታው ሦስት ጨምሯል። ጎማው እርጥብ፣ ኮርቻው ሞቃት ነው። ሰባት ቀን ተመላለስኩ። የተበላሸ ቆጣሪ እንዳመጣለት ይዘላል እንጂ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት አይልም።

በሰባተኛው ቀን የሰፈሬ ሽማግሌ ዘበኛ አስቆሙኝ።

«እትዬ፣ ወንድምዎን አስቀየምኳቸው እንዴ? ድሮ ያጫውቱኝ ነበር፤ አሁን ሰላምታም የለ።»

«የት አዩት?»

«ከመስኮትዎ ሥር ነዋ! እርስዎ ብቻዎን መኖር ከጀመሩ ወዲህ እሳቸው መቼ ቀርተው ያውቃሉ? ማለዳ መጥተው ይቆማሉ፤ መብራትዎ ሲበራ ‹ተነሥታለች› ብለው ይሄዳሉ። ‹እንዳይነግሯት፣ ወጪ ነው ብላ ትጽፍብኛለች› ይሉኝ ነበር።»

ከቤቱ እስከ መስኮቴ ደርሶ መልስ ለካሁት። ሦስት ኪሎ ሜትር። ሥራውን ትቶታል፤ ሦስቷን ግን አልተዋትም።

«አትሽጪው» አልኳት ሚስቱን።

«ምን ልታደርጊው?»

«ገና የሚጻፍበት መዝገብ አይዘጋም። የሥራ ደንባችን ነው።»

አሁን በየማለዳው ነቅቼ በጨለማ እቀመጣለሁ። ከመስኮቴ ሥር ፍሬን ሲያዝ ይሰማኛል። መብራቱን ቶሎ አላበራም። ትንሽ ይቁም፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ።