ዘመድ የማይገባበት ለቅሶ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ከገዛ አባቴ ቀብር ተባረርኩ።

ያባረረኝ የመቃብሩ በረኛ ነው። በሩ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ወዲህ እኛ ዘመዶቹ ቆመናል፤ ከገመዱ ወዲያ ደግሞ በሕይወቴ አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። ታላቅ እህቴ ትርንጎ በገመዱ ሥር እጇን እያሾለከች ለአልቃሾቹ መሐረብ ታቀብላለች። እኔ ገመዱን ከፍ አድርጌ ላልፍ ስል በረኛው መዳፉን ደረቴ ላይ አሳረፈ።

«ምኑ ነህ?»

«ልጁ ነኝ።»

«ታዲያ የት ትገባለህ? ዘመድ ነህ እኮ።»

«ዘመድ ስለሆንኩ አይደል እንዴ የመጣሁት?»

«ለማታውቀው ሰው አልቅስ፣ ማንም አይከለክልህም። ለአባትህ ስታለቅስ ግን የጥቅም ግጭት አለብህ። ለሱ ይሁን ለራስህ የምታለቅሰው በምን እናውቃለን?»

ይህን ብሎ አንገቴ ላይ ካርቶን አንጠለጠለልኝ። «የሟች ልጅ ነኝ፤ የምናገረውን ሳታጣሩ አትመኑ» ይላል። ዞር ብዬ ሳይ ሁላችንም አንጠልጥለናል። የአክስቴ ካርቶን «እህቱ ነኝ፤ ከምነግራችሁ ግማሹን ጣሉ» ይል ነበር። አክስቴ አልከፋትም፤ እንዲያውም ጽሑፉ ወደ ፊት እንዲታይላት ነጠላዋን ገለጥ ታደርግለታለች።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። እኔ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ፣ ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ሰው እየጻፈ በሚያዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ እንድንጨምር የሦስት ቀን ስልጠና ሰጥተውን ነበር። ሌሎቹ ስለ ተራራ፣ ስለ ወንዝ፣ ስለ ስንዴ በሽታ ሲጽፉ እኔ ስለ አባቴ ጻፍኩ። መጻፍ እንኳ አይባልም። የዛሬ ሦስት ዓመት ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ከወረቀቱ ላይ ቃል በቃል ገልብጬ አስገባሁት። አባቴ አቶ አስናቀ ይመር ደሴ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ታይፑን ዘርግቶ አርባ ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የእርቅ ደብዳቤ፣ ሰው ሲሞት የሚነበብ የሕይወት ታሪክ፣ ያልጻፈው ነገር የለም። ከሥሩ የሚሰፍረው ስምና ፊርማ ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ገጽ ብቻ፣ የእሱ ስም እንዲቀመጥለት ፈለግሁ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ዋርካ በሚል ስም የሚጽፍ ነባር አርታኢ ማስጠንቀቂያ ለጠፈብኝ። ለባለታሪኩ የቅርብ ሰው ነዎት፣ ጽሑፉም ከሌላ ቦታ የተወሰደ ይመስላል፣ በሰባት ቀን ውስጥ ካላስረዱ ገጹ ይሰረዛል ይላል። ትናንት ስድስተኛው ቀን ነበር። ተናድጄ ነው የተኛሁት።

በሕልሜም ንዴቱ አልለቀቀኝም። ከገመዱ ወዲያ አንዲት አልቃሽ «አስናቀ ሆዬ፣ አንተ መለሎው» እያለች ሙሾ ታወርዳለች። አባቴ አጭር ሰው ነበር።

«ተሳስታለች» አልኩት በረኛውን። «አባቴ አጭር ነበር።»

«ምንጭ አለህ?»

«ዓይኔ ነዋ።»

«ዓይንህም ዘመድ ነው። እዚያ ሰሌዳ ላይ ጻፈው፣ ሌላ ሰው ያጣራልሃል።»

ሰሌዳው ላይ በጠመኔ «አባቴ አጭር ነበር» ብዬ ጻፍኩ። አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ አነበበው፤ ከኪሱ ሜትር አውጥቶ ሳጥኑን ለካና ተመልሶ መጣ። «ልክ ነው» ብሎ ለአልቃሿ ነገራት። ከዚያ ወዲያ ለቅሶው ሁሉ ስለ አባቴ ማጠር ብቻ ሆነ። ምነው ባልተናገርኩ አልኩ።

«ስለ ሌላው ነገርስ ማን ይናገርለት?» ብዬ በረኛውን ጠየቅሁት።

«የሚያውቀው፣ ግን የማይወደውም የማይጠላውም ሰው ፈልገህ አምጣ።»

«እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

«ቤተ መጻሕፍት የምትሠራው አንተ ነህ» አለኝ።

ይህን ሲለኝ ቤተ መጻሕፍቴ ውስጥ ቆሜ ነበር። ሰዎች መደርደሪያው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል፤ መጻሕፍቱ በመካከላቸው እየተዘዋወሩ ያማርጣሉ። አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አንድ ሽማግሌ ተውሶ ሲወጣ በሩ ላይ ተላለፍን። ሽማግሌው «ባለፈው ጊዜ እስከየት እንደደረስክ እንዳይጠፋህ ብለህ ጣቴን አጥፈህ ነው የመለስከኝ» እያለ ያማርራል። በእኔ ወንበር ላይ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ተቀምጧል።

«አባቴን የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አልኩት።

«ዘመድ? ጓደኛ?»

«ሁለቱም አይሆኑም ተብያለሁ።»

ገጾቹን ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ አሰበ። በኋላ ከታችኛው መደርደሪያ አንዲት ሴት ስቦ አወጣና አቧራዋን አራገፈ። «ወይዘሮ ዘርፌ ይባላሉ። እስካሁን የተዋሳቸው የለም» አለኝ።

«አባቴን ይወዱት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት።

«የለም።»

«ይጠሉታል?»

«ድሮ ነበር። አሁን ደክሞኛል።»

ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ምስክር በአንድ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ክንዷን ይዤ ስወጣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ደረስን።

ዳኞቹ ካባቸውን እንደለበሱ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። የሰልፉ መጀመሪያ አባቴ ጋ ነው። ታይፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይመታል። ፊት የቆመው ዳኛ «ጋሼ አስናቀ፣ እባክዎ ፍርዴን ቶሎ ይጻፉልኝ። ተከሳሹ እየጠበቀኝ ነው፤ ከዘገየሁ ይቆጣኛል» ብሎ ይለምነዋል። አባቴ ሸሚዙ ያው በሥራ ቀን የሚለብሳት ነበረች፤ እጅጌዋ ላይ የቀለም ጠብታ ያለባት።

«አባባ» አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝ። «ተራህን ጠብቅ» አለኝ።

አልጠበቅሁም፤ ገባሁ። ውስጥ በዳኛው ወንበር ላይ መነጽር ያደረገች ግራጫ አህያ ተቀምጣለች። ጀርባዋ ላይ የድሮ የጭነት ጠባሳ ይታያል። ጠበቆቹ ግድግዳውን ይዘው በየጀርባቸው ኩንታል እህል ተሸክመው ቆመዋል። አህያዋ የሕይወት ታሪኩን ወረቀት ተቀበለችኝና ሳታነበው አሸተተችው።

«ማን ጻፈው?»

«የአባቴ ሕይወት ነው።»

«የማን ሕይወት እንደሆነ አልጠየቅሁህም። ጽሑፉ የማን ነው?»

«ቀብሩ ላይ የተነበበ ነው።»

«ያነበበውንም አልጠየቅሁህም።»

አላውቅም ነበር። በእውኑም ጠይቄ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ወረቀት ከአንዱ እጅ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ማን ጻፈው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «አላውቅም» አልኳት።

«እዚያ ገጽ ላይ የገባውን ጽሑፍ ማንም እንዳሻው ይወስደዋል፣ ይለውጠዋል፣ ያትመዋል። ሲገባ ሁሉም በዚህ ተስማምቶ ነው። አንተ ደግሞ የማን እንደሆነ የማታውቀውን ለዓለም ሁሉ ሰጠህ። የጎረቤትህን በግ አርደህ ድግስ እንደጠራህ ነው የምቆጥረው።»

ይህን ብላ ወረቀቱን ከጥጉ ጀምራ በእርጋታ በላችው። ሳትጨርስ አላነጋገረችኝም።

«አሁን በራስህ ቃል ንገረን» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ስል ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሴት ብድግ አለች። «እሱ ለባለቤቴ የተባለ ነው» አለች። «በሥራው ምስጉን» ስል ደግሞ አንድ ወጣት ተነሳ። «የወንድሜ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የሚመጣልኝ ነገር አልነበረም። ስለ አባቴ ለማንም ሰው ያልተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሰው ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

«ምስክር አለኝ» አልኩ ለማምለጥ ያህል።

ወይዘሮ ዘርፌ ወደ ፊት ወጣች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ለመስማት አንገቱን አሰገገ።

«ከባሌ ልፋታ ብዬ ጠዋት አስናቀ ዘንድ ሄድኩ። ክሴን ጻፈልኝ። እየነገርኩት ሳለቅስ ውሃ አስመጣልኝ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን ሁሉ ነገርኩት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ባሌ እሱ ዘንድ ሄደ። መልሱን ጻፈለት።»

«ያው ሰው?» አለች አህያዋ።

«ያው ሰው፣ ያው ታይፕ። በሁለቱም ወረቀት ላይ ‹መ› ተንጋዳ ነበር። የባሌ መልስ ከእኔ ክስ በለጠ። የት የት እንደሚያመኝ ጠዋት ራሴ ነግሬው የለ? እዚያ እዚያው ላይ ነው የመታኝ። ተረታሁ፣ ቤቱም ለባሌ ሆነ።»

እኔ ታሪኩን አውቀዋለሁ። አባቴ ራሱ እራት ላይ እየሳቀ ይነግረን ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ሚስትን ከሰዓት ባልን እንዳገለገለ። እኛም እንስቅ ነበር። ትርንጎማ «ድገመው አባባ» ትለው ነበር። ሴትዮዋ ቤት ማጣቷን ግን ነግሮን አያውቅም፤ እኛም በመጨረሻ ምን ሆኑ ብለን አልጠየቅነውም።

«ይህ በገጹ ላይ ይግባ?» ብላ አህያዋ እኔን ጠየቀችኝ።

«አይግባ» አልኩ።

«ለምን? ውሸት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ታዲያ?»

«አባቴ ነው።»

አህያዋ መነጽሯን አወለቀች። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። «በረኛው የከለከለህ ለዚህ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። ወይዘሮ ዘርፌ እኔን አላየችኝም። እኔም እሷን ማየት አልቻልኩም።

ይህን ጊዜ አባቴ ታይፑን እንደታቀፈ ገባ።

«ልጄ ነው፣ አትፍረዱበት» አለ። «ስለ እኔ ሁሉንም እኔው ልንገራችሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጠበቆቹ ኩንታሉ ከጀርባቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ። «ካንተ የበለጠ ላንተ ዘመድ የሚሆን አለ እንዴ?» አለችው አህያዋ። ሁለት ሰዎች የሁላችንንም የሚያህል ትልቅ ካርቶን አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ይዘውት ወጡ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። ሊነግረኝ የፈለገው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ሮጥኩ። «አባባ፣ ምን ልትል ነበር?» ስለው አፉን ከፈተ፤ ከአፉ የወጣው ግን የታይፕ ድምፅ ነው። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንዱንም ቃል መለየት አልቻልኩም። ድምፁ እየጮኸ ሄደ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ ነቃሁ።

ስልኬ ነው ጠረጴዛው ላይ የሚንቀጠቀጠው። ነግቷል። መልእክቱ ከዋርካ ነበር።

«ሰላም ለእርስዎ። ገጹን ሰርዤዋለሁ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ጽሑፉ በ1989 ዓ.ም. በአንድ የእድር መጽሔት ላይ የወጣ የአቶ ደምሰው ወርቁ የሕይወት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ከስሙ በቀር አንድ ቃል አልተለወጠም፤ የትውልድ ዘመኑ እንኳ ያው ነው። የመጽሔቱን ገጽ አያይዤልዎታለሁ። ስለ አባትዎ የሚያውቁትን በራስዎ ቃል በውይይት ገጹ ላይ ቢያሰፍሩልኝ ምንጭ ፈልጌ እኔ እጽፈዋለሁ። ከትውልድ ዘመናቸው ይጀምሩ።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አቶ ደምሰውን አውቃቸዋለሁ፣ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። ሲሞቱ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፈው አባቴ ነው። አባቴ ሲሞት ወረቀቱን ያመጣልን ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ ታይፕ ይመታ የነበረው ጋሼ ሁሴን ነበር። ከአባቴ መሳቢያ ውስጥ አግኝቶ ስሙን ብቻ ቀይሮት ይሆናል። ጋሼ ሁሴንም ዐርፏል፤ የምጠይቀው የለም። ጽሑፉ የአባቴ ነው ማለት ነው፤ ሕይወቱ ግን የአቶ ደምሰው።

ቀብሩ ላይ በጣም ያስለቀሰኝ አንድ መስመር ነበር። በወጣትነታቸው ባሕር ኃይል ገብተው መርከብ ላይ ለመሥራት ይመኙ ነበር ይላል። አባቴ ባሕር ይመኝ እንደነበር ሳላውቅ ኖርኩ ብዬ ነው ያን ያህል ያለቀስኩት። ለካ ባሕሩን የተመኙት አቶ ደምሰው ናቸው።

የውይይት ገጹን ከፈትኩ። «አባቴ አስናቀ ይመር» ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ትርንጎ ጋ ደወልኩ።

«እታለም፣ አባባ የተወለደው መቼ ነው?»

«ምነው በጠዋቱ?»

«ለአንድ ነገር ፈልጌው ነው።»

ዓመታቱን ለራሷ ስትቆጥር ሰማኋት።

«እንጃ» አለችኝ። «የሕይወት ታሪኩ ወረቀት ላይ አለ አይደል? እሱን እይ።»