የሃምሳ ሰባት ሞዴሉ ዘውገ

ዘውገ ማክሰኞ ዕለት ምሳውን በልቶ ጋደም ባለበት፣ መኪኖች ሰው ሲያድሱ በሕልሙ አየ።

ሰውዬው ድሬዳዋ ውስጥ ጋራዥ አለው። ከወጣትነቱ ጀምሮ የተጨራመተ ቆርቆሮ ሲያቃና፣ ስቱኮ ሲለጥፍ፣ ቀለም ሲረጭ የኖረ ነው። የድሮ አሜሪካ ሠራሽ መኪና ያለው ሰው ከሱ ሌላ አያምንም። እሱም የአንዲትን መኪና የፊት መብራትና የክንፍ አቆራረጥ አይቶ የስንት ሞዴል እንደሆነች ይናገራል። በቅርቡ የወይዘሮ ነኢማን ሸቭሮሌት አድሶ ጨርሷል። መኪናዋ የሟች አባቷ ነበረች፤ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1957 ሞዴል፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ገላዋ የሰማይ ቀለም፣ ከኋላ ሁለት ሹል ክንፍ ያላት። ነኢማ ስታስረክበው የለመነችው አንድ ነገር ነበር።

«ጋሽ ዘውገ፣ አባዬ እንደተዋት አድርግልኝ። እንዳታሳምርብኝ።»

እሺ ብሏት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ዙሪያ ያለውን ጎማ፣ የመቀመጫውን ጨርቅ፣ የሬዲዮኑን ማዞሪያ ሳይቀር የዘመኑን እየፈለገ አገኘ። አንድ ቦታ ላይ ግን እጁ አላርፍ አለው፤ አሳመረባት። ያንን ለማንም አልተናገረም።

በሕልሙ ከጋራዡ ብቅ ሲል አስፋልቱ ላይ የሚሮጠው ሰው ነው። ሁሉም መስመሩን ይዞ፣ አንገቱን አቀርቅሮ ይሮጣል፤ ሊታጠፍ ሲል በሚታጠፍበት በኩል ያለውን ዓይኑን ያርገበግባል። መኪኖቹ ደግሞ በእግረኛው መንገድ ላይ ክንፍ ለክንፍ ተያይዘው ይንሸራሸራሉ። አንዲት ባጃጅ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ጋዜጣ ታነባለች። ዘውገ ግራ ገብቶት መሀል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላው የመጣ ወፍራም ሰው በአፉ ጥሩምባ ነፋበት።

«ምን ትገተራለህ? ብልሽት ካለብህ ጥግ ያዝ» አለው።

ጥግ ያዘ። ጥጉ ነዳጅ ማደያ ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አንድ ቮልስዋገን የእያንዳንዱን ሰው ግራ ጆሮ እንደ ክዳን እየከፈተ በማንቆርቆሪያ ሻይ ይቀዳል። ዘውገ የራሱን ጆሮ ነካ። ሲጥ ብሎ ተከፈተ። የ1957 ሸቭሮሌት ቤንዚን የሚቀዳባት በግራ ክንፏ ጫፍ ላይ በተሰወረች ክዳን እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የገዛ ጆሮው እንደዚያ ይከፈታል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

«ሙሉ ነው ግማሽ?» አለው ቮልስዋገኑ።

«እኔ ምሳ በልቻለሁ።»

«እሱ ዘይትህ ነው። እኔ የምጠይቅህ ሻይህን ነው።»

መልስ ሳይሰጥ አንድ አሮጌ ፎርድ ፒክአፕ ፊቱ መጥቶ ቆመ። ስፖንዳው ላይ ወረቀት እስከ አፉ ተቆልሏል፤ ጸሐፊ መሆኑ ያስታውቃል።

«ዘውገ የሚሉህ አንተ ነህ?»

«ነኝ ጌታዬ።»

«የምርመራ ቀንህ ዛሬ ነው። ሞተርህን አጥፋ።»

ዘውገ ሞተሩ በየት በኩል እንደሚጠፋ አያውቅም። ፒክአፑ አፍንጫውን ጫን ቢያደርገው እግሮቹ ቀጥ አሉ። ወዲያው ስታዲየሙ ሜዳ ላይ ነበሩ።

የከተማው ሰው ግማሹ እዚያ ቆሟል። በሣሩ ላይ በረድፍ በረድፍ፣ ሸሚዝ ተከፍቶ፣ የየሰዉ ደረት እንደ መኪና ኮፈን ወደ ላይ ተነስቶ በዱላ ተደግፏል። መኪኖች ከነቤተሰባቸው እየመጡ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ ያያሉ።

«የዚህኛው ልብ የራሱ ነው?» አለች አንዷ።

«የተነካካ ነው። በሰባ ሁለት አንድ ጊዜ ተሰብሮ ነበር አሉ።»

«ኩላሊቱ ግን ሲያምር። ወልውለውታል።»

ዘውገ ሸሚዙን ሊቆልፍ እጁን ቢልክ ቁልፎቹ የሉም። ፒክአፑ ቀስ ብሎ ደረቱን አነሳውና ዱላ አቆመበት። ነፋስ ገባው።

ዳኛዋ የ1959 ካዲላክ ናት፤ ሮዝ። ክንፎቿ ጣሪያዋን ሊደርሱ ምንም አልቀራቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ጥይት የመሰሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶች በርተዋል። የመጣችው የኋሊት እየሄደች ነው፤ ሰው ከፊቷ በፊት ክንፏን እንዲያይላት ትፈልግ ነበር። ዘውገንም የተመለከተችው በመስተዋቷ ነው።

«ሞዴሉ?» አለች።

«ሃምሳ ሰባት» አለ ፒክአፑ ከወረቀቱ። ዘውገ በእርግጥም በሃምሳ ሰባት የተወለደ ነው።

«ጥርሱ?»

ፒክአፑ አፉን ከፈተው። «ከታች ሁለቱ ኋላ የገቡ ናቸው።»

«ይውለቁ። ፀጉሩ?»

«ጥቁርነቱ የዘመኑ ነው። ቀለሙ ግን ያለፈው ሳምንት ነው።»

«ይገፈፍ። ሆዱስ?»

«ሆድ ከፋብሪካ አልወጣለትም። ኋላ የተጨመረ ነው። ቢሆንም አገጣጠሙ ያምራል፤ ስፌት እንኳ የለውም።»

«ማማሩን ማን ጠየቀህ? የዘመኑ ነው ወይ ነው ያልኩህ።»

ዘውገ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። በቻይና ቸርኬና በሚያብለጨልጭ መብራት መኪናቸውን ሊያበላሹ የሚመጡ ደንበኞቹን የሚቆጣበት የራሱ አነጋገር ነው። ከተመልካቾቹ መካከል አንድ መርኩሪ ከወገብ በላይ ነጭ ቢቀባ እንደሚያምርበት ሐሳብ አቀረበ። ሌላው፣ በዘመኑ ሁለት ቀለም ሰው አልነበረም ብሎ ተቃወመ። ስለ ጢሙም ተጨቃጨቁ። አንደኛው ቀጭን ጢም የዘመኑ ጌጥ ነው ሲል ሌላው ያ ለባለሥልጣን ብቻ ይገጠም የነበረ ነው አለ። ዘውገን ማንም አልጠየቀውም።

ያኔ ከአጠገቡ ረድፍ ፈለቀችን አያት። ፈለቀች ሚስቱ ናት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቀበሌ ወረፋ እንደምትጠብቅ ሰው እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«ይህቺስ?» አለች ካዲላኳ።

«ባለቤቴ ናት» አለ ዘውገ ቶሎ ብሎ።

«በስንት ገባች?»

«በሰማንያ አንድ።»

«የሰማንያ አንድ ዕቃ ሃምሳ ሰባት ላይ ማን ገጠመ? ትውለቅ።»

ዘውገ ክው አለ። ጥርሱን ሲሉት ዝም ብሏል፣ ፀጉሩንም ሲሉ ዝም ብሏል። አሁን ግን እጁን አነሳ። «እመቤቴ፣ እሷማ…» ብሎ ጀመረ። ምን ይበል? ከፋብሪካ አብራው አልመጣችም። ወረቀቱ ላይ የለችም።

ፈለቀች ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ መለሰችና ወደ ካዲላኳ ቀረብ አለች።

«አውልቂኝ፣ እኔ ግድ የለኝም» አለች። «ግን ጠዋት ማን ሊያስነሳው ነው? ይሄ ሰውዬ በራሱ ተነስቶ አያውቅም። እኔ ከኋላው ሆኜ እየገፋሁ ነው። ብርድ ሲሆንማ ጎረቤት እጠራለሁ።»

መኪኖቹ ተያዩ። ፒክአፑ «በግፊት የሚነሳ» ብሎ ጻፈ።

«እሱ ይቆየን። ምስክሯ ትቅረብ» አለች ካዲላኳ።

ከኋላ ረድፍ ሰማያዊዋ የነኢማ ሸቭሮሌት ወጣች። ዘውገ ሲያያት በዚያ ሁሉ መሀል ደስ አለው፤ የእጁ ሥራ ናት፣ ከሁሉም በላይ ታብረቀርቃለች። እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። ኮፈኗ ላይ መሀረብ ጣል አድርጋለች።

«ምኑን ነው የምትሸፍኚው?» አለቻት ካዲላኳ።

መሀረቡን አነሳችው። ከሥሩ ወርቃማ የቪ ምልክት ነበረች። ያቺ ምልክት በዚያ ዓመት የምትለጠፈው ስምንት ሲሊንደር ላላቸው ብቻ ነበር። የነኢማ አባት መኪና ስድስት ናት። ዘውገ ምልክቷን አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ዘንድ አግኝቶ፣ ስታምርበት ጊዜ፣ ማን ያውቅብኛል ብሎ ገጥሟታል።

«መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሁሉ ስምንት ነሽ ወይ ይሉኛል» አለች ሸቭሮሌቷ። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። «ዝም እላለሁ። ዳገት ስንጀምር ግን ይሰማል። የነኢማ አባት አንድ ቀንም ስድስት በመሆኔ አላፈረብኝም። ነኢማ ስትወለድ እናቷን ሐኪም ቤት ያደረስኩት በስድስት ነው።»

ዘውገ ደረቱ እንደተከፈተ፣ ሁሉም ልቡን እያየው ቆሟል። ሰው ፊት ራቁቱን የቆመ ያህል ተሰማው።

«ላሳምርሽ ብዬ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ነኢማ ግን እንዳታሳምራት ብላህ ነበር።»

«ምን ልበላት ታዲያ?»

«ስድስት ናት በላት።»

ሊመልስላት ሲል ካዲላኳ ጥሩምባዋን ነፋች። «ፍርድ» አለች። «ከሃምሳ ሰባት ወዲህ የመጣ ሁሉ ይወልቃል።»

ፒክአፑ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ አንድ ችግር አለ። የዚህ ሰው ሃምሳ ሰባት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።»

«እና?»

«በእኛ ስድሳ አምስት ይሆናል። በእኛ ሃምሳ ሰባት ይህ ሰው ገና አልተሠራም።»

አንድ የቆመ ሰው ውስጥ ሻይ ሲፈላ ይሰማል።

«ታዲያ ከዚህ ሰው ላይ የዘመኑ የሆነው የቱ ነው?»

«በትክክል ከተሄደ፣ ምንም።»

«በትክክል ነው የሚኬደው» አለች ካዲላኳ። «ሁሉም ይውለቅ። ባዶ ቦታውን በገመድ ከልሉትና ሕዝብ ይጎብኘው።»

መኪኖች ካቻቢቴ እየያዙ ከየአቅጣጫው መጡ። መጀመሪያ ግራ ጆሮው ወለቀ። ከዚያ ክርኑ፣ ከዚያ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት። አያምም፤ ዘውገን ያስፈራው አለማመሙ ነው። እያንዳንዱን እየወለወሉ በካርቶን ውስጥ ይደረድሩታል፤ በላዩም «የዘመኑ ያልሆነ» ብለው ይጽፋሉ። ገመዱን የያዙት መኪኖች ከእግሩ ሥር ያለውን ሣር መለካት ጀምረዋል።

«ፈለቀች» ብሎ ተጣራ።

ሁለት መዳፍ ጀርባው ላይ አረፈ።

«ፍሪሲዮን ርገጥ» አለችው። «ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ።»

መግፋት ጀመረች። የቀረው ገላው ተንኳኳ። ሜዳው ቁልቁለት ሆነ፣ መኪኖቹ ካቻቢቴያቸውን ይዘው በእግር ተከተሏቸው፣ የካዲላኳ ጥሩምባ ከኋላ ይጮኻል። ፈለቀች ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ ነጠላዋ መሬት እየተጎተተ ገፋችው።

«ልቀቅ።»

ለቀቀ። አንዴ ተንዘፈዘፈና ተነሳ።

ፈለቀች የእውነት ትከሻውን ይዛ ትነቀንቀው ነበር። ያለው ጋራዡ ውስጥ፣ ሸራ አልጋው ላይ ነው። ላብ አጥምቆታል። ጆሮውን ጎተት አደረገው፤ አልተከፈተም።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«ለአሥር ሩብ ጉዳይ።»

ነኢማ መኪናዋን ልትወስድ አሥር ሰዓት ላይ ነው የተቀጣጠሩት። ዘውገ አንድ ነገር ቆረጠ። ሳትደርስ ያቺን ምልክት ይነቅላታል፤ ስድስት ናት፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት ይላታል። ይህን ሲወስን ደረቱ ቀለል አለው። ካቻቢቴውን አነሳ። ያኔ ነው የሚስቱን ፊት ያየው። አመድ መስሏል።

«ምን ሆነሻል?»

«ውጣና እይ» አለችው። «እኔ መናገር አልችልም። ለመንኳቸው።»

መንገዱን ለማስዋብ ተብሎ የሰፈሩ አጥርና የሱቅ ግንባር በአንድ ዓይነት ቀለም ሊቀባ ነው የሚል ወሬ ሰሞኑን ነበር። ዘውገ ወሬውን ሰምቶ ረስቶታል። ጠዋት ሸቭሮሌቷን ከግቢ አውጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ታምር ብሎ፣ አጥሩ ጥግ አቁሟት ነበር።

በሩን አልፎ ወጣ። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው። አጥሩ ግራጫ፣ የጎረቤቱ ሱቅ ግራጫ፣ የመብራቱ ምሰሶ ግራጫ። አጥሩ ጥግ ደግሞ ከሲሚንቶ የተጠረበች የምትመስል መኪና ቆማለች። ክንፏ፣ መስተዋቷ፣ መብራቶቿ፣ ኒኬሏ፣ ነጭ ዙሪያ ያለው ጎማዋ፣ ታርጋዋ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። በየት በኩል በር እንዳላት እንኳ አይለይም። ቱታ የለበሱ አራት ሰዎች የመርጫ ማሽናቸውን እየጎተቱ ወደሚቀጥለው አጥር ሊያልፉ ነው።

«ይህቺ መኪና ናት» አለ ዘውገ።

ኃላፊያቸው የሚመስለው ጎልማሳ ጭንብሉን ዝቅ አደረገ። «መስመሩ ላይ ያለ በሙሉ አንድ ቀለም ነው የተባልነው፣ አባቴ። እኛ የታዘዝነውን ነው የሠራነው።»

ከመንገዱ ጫፍ ነኢማ ጃንጥላዋን ይዛ ብቅ አለች። ሁለት ልጆቿን አስከትላለች፤ የበዓል ልብስ አልብሳቸዋለች። የዘውገ ካቻቢቴ ከእጁ ወደቀ። ሳያስበው መዳፉን ኮፈኗ ላይ አሳረፈ።

«አባቴ፣ እጅዎን ያንሱልን» አለ ሰውዬው በትሕትና። «ገና አልደረቀም። ሁለተኛው እጅ ቀለም ይቀረዋል።»