የሸረሪቷ ሽታና የእህቴ ከል

ሸረሪት ትወዳላችሁ? እኔም አልወድም። ግን ባኞ ቤታችን ጥግ አንዷ ድር ስታደራ እያየሁ ዝም ብያት ቆየሁ። ርኅራኄ እንዳይመስላችሁ፣ ድካም ነው። አንድ ቅዳሜ ወኔዬ መጣና መጥረጊያ ባነሳ፣ ልጄ ሜላት ክንዴን ያዘች። ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ነው የምታጠናው። ሸረሪቷ ገና ለአካለ መጠን መድረሷ ስለሆነ እንዳልነካት ለመነችኝ። ቆሜ አዳመጥኳት። መቀመጫ ቢኖር ይሻል ነበር።

እንደ እሷ አባባል፣ ብዙ ሸረሪቶች ዓይናቸው ደካማ ነው። ስለዚህ ሴቷ ድሯ ላይ ሽታ ትተዋለች። ወንዱ አፍንጫ የለውም፤ በእግሩ ነው አሉ የሚያሸተው። ድሩን ሲረግጥ የማን ዘር እንደሆነች፣ ወንድ ታውቅ እንደሆነ፣ ሁሉንም ይረዳል። እኛ ይህን ለማወቅ ስንት ሰው ነው የምናስጠይቀው?

ደግሞ መጣ፣ ወንዱ። ሜላት ቤተሰቡን በሙሉ ጠርታ ባኞ ቤት አጨቀችን። ትንሽዬ፣ ቀጫጫ ነገር ነው። ድሩን እየቆረጠ ይጠቀልላል። ምን ሆኖ ነው ብንላት፣ ሽታውን ሌላ ወንድ እንዳያገኘው እየሸፈነ ነው አለችን።

ከሁላችን ረጅም ሰዓት ያየችው ታናሽ እህቴ ጽጌ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ከቤት ቸርች፣ ከቸርች ቤት። ከሏን የምታወልቅበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ እሷ አላወለቀችም፣ እኛም አልጠየቅናት። እኔና ባለቤቴ ወይንሸት ሥራ ውለን ስንገባ ራት ተሠርቶ ነው የሚጠብቀን። እንዲህ ያለውን ኑሮ ማን ይነካካል?

ጽጌ ሜላትን አንድ ነገር ጠየቀቻት። ወንድ ሳይመጣ ቢቆይስ፣ ሴቷ ምን ትሆናለች? ሜላትም፣ አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው እየገፋ ሲሄድ ሽታውን ይጨምሩታል ብላ መለሰችላት። ጽጌ ወደ ኩሽና ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች በራችንን አንኳኩ። የላካቸው አቶ ታምራት ነው፤ ኮልፌ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቸርች ሁልጊዜ ከኋላችን የሚቀመጥ ዝምተኛ ሰው። ከሏን እስክታወልቅ በትዕግሥት ሲጠብቅ ነበር አሉን። እኔ ራቱ ትዝ አለኝና፣ እስቲ እንመካከርበት ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ጽጌ ጋ ገባሁ። ሽንኩርት ትልጣለች። ምን አስቸኮለሽ፣ ብዙ አይተሻል፣ ደክሞሻል፣ እዚሁ እኛ ጋ አርፈሽ ብትኖሪስ አልኳት። ቢላዋውን አላስቀመጠችም።

«ጋሼ፣ የደከመህ አንተ ነህ» አለችኝ። «እኔ አዝኜ ነበር እንጂ አልደከመኝም።»

 ያንኑ ምሽት ሽማግሌዎቹ ጋ ደውዬ እሺ አልኩ።

ሠርጉ እዚያው ቸርች፣ ትንሽ ነገር ነበር። ታምራት የቀለበቱ ጣት ጠፍቶት የማይሆን ጣቷን ያዘና ጽጌ ሳቀች። ስትስቅ ድምፅ አላት ለካ። ረስቼው ኖሯል። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሰው እንዳያየኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ፣ መልሼ አሰርኩት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ለወይንሸት ፈላስፋ ሆንኩባት። ሸረሪት በድሯ ሽታ፣ ታምራት በሽማግሌ፣ እኔና አንቺ ግን በእንቅልፍ ተገናኘን አልኳት። እውነቴን ነው። ያኔ ዘነበወርቅ ነበር የምኖረው። ከሥራ ስመለስ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደና መውረጃዬን አልፌ፣ ታክሲው መጨረሻው አየር ጤና ሲደርስ ነቃሁ። አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ የመመለሻ ታክሲ የት እንደሚያዝ ጠየቅኳት። እኔም ወደዚያው ነኝ፣ ና ላሳይህ አለችኝ። ይኸው ነው። ለሰው ሁሉ ዕድል ማለት ይህ ነው እያልኩ ስንት ዓመት አውርቼዋለሁ።

ወይንሸት በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ነበር።

«የኔ መውረጃ እኮ ካንተ በፊት ነበር» አለች። «ጭንቅላትህ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ልቀሰቅስህ አልኩና ተውኩት።»

እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት መንገድ የጠፋብኝ መስሎኝ።