ቻምፒዮኑን ፈሪ ስል ከርሜ እኔው ሚኒባስ ውስጥ ተያዝኩ

ቤተሰብ፣ ከማንበባችሁ በፊት ማሉልኝ። ስክሪንሾት የለም! ለተማሪዎቼ ፎርዋርድ ማድረግም የለም!

ማላችሁ? እሺ።

ይህን የምጽፈው ከወልቂጤ ነው። ዛሬ ጠዋት መገኘት የነበረብኝ ግን ቡታጅራ ነበር። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለማታውቁኝ፣ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ከጎጃም ቡታጅራ ተመድቤ ከመጣሁ አምስት ዓመት ሆነኝ። ትርፍ ሰዓቴን የማጠፋው ቦክስ ላይ ነው። ማየት ማለቴ ነው! ጓንት ነክቼ አላውቅም።

የከተማችን የቦክስ ወዳጆች የቴሌግራም ግሩፕ አድሚንም ነኝ። ዋናው ሥራዬ ያንን የምታውቁትን ቻምፒዮን መስደብ ነው። (ስሙን አልጠራም። ደጋፊዎቹ እስከ ሰባት ቤት ነው የሚሳደቡት።)

ሰውዬው ከባድ ተጋጣሚ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር አያጣም። አንዴ እጁን ያመዋል። አንዴ ሚዛኑ አልተስማማኝም ይላል። አንዴ ደግሞ አገሩ ይቀየርልኝ!

እኔ ታዲያ ዝም እላለሁ? ፖስት! «ሸሸ! ዛሬም ሸሸ!»

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ፣ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ጁስ ቤት ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። እኔ ቆሜ ነው የማወራው። እጄ ላይ ቾክ አለ፣ ክፍል ውስጥ ያለሁ መስሎኛል።

ጥግ ላይ ጋሽ ከድር ተቀምጠዋል። ጎሚስታ ናቸው። ጎማ ሲፈቱና ሲለጥፉ ኖረው ክንዳቸው ራሱ ጎማ መስሏል። ሃምሳን ካለፉ ቆይተዋል። በወጣትነታቸው ለክለብ ቦክስ ተጫውተዋል ይባላል፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም።

የዚያን ቀን አቮካዶአቸውን እያማሰሉ ተናገሩ።

«ቲቸር፣ ቀበቶ የያዘ ሰው አስቦ ነው የሚገጥመው። አንድ ቡጢ የስንት ዓመት ልፋት ይበላል። ውጭ ቆሞ ፈሪ ማለት ቀላል ነው።»

ትክክል ነበሩ። ግን ሰው እያየኝ ነው!

«ጋሽ ከድር፣ እርስዎም የሸሹት ሰው ሳይኖር አይቀርም» አልኩ። «ባይኖር እንዲህ አይሟገቱለትም ነበር!»

የጁስ መፍጫው እንኳ ቆመ።

ጋሽ ከድር ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ፊታቸው ልውጥ አለ። እኔ ንዴት መስሎኝ ነበር።

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት። ወጣት ማዕከል። ሦስት ዙር» አሉ። «እኔና አንተ።»

እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው?

«የትም! መቼም! ከማንም ጋር!»

ይህን ያለው አፌ ነው። እኔን አላማከረኝም።

ረቡዕ ጠዋት ነፍሴ ተመለሰች። ባሸንፍ «ሽማግሌ ደበደበ» ይሉኛል። ብሸነፍ «ሽማግሌ ደበደበው» ይሉኛል። ስለዚህ መግጠሙ ለሕዝብ አይጠቅምም ብዬ ወሰንኩ።

ውሸቴን ነው። ክንዳቸው ትዝ እያለኝ ነው።

ረቡዕ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ደረጃውን የጠበቀ ጓንት ካልቀረበ አልገጥምም።» ጓንት ተገኘ።

ሐሙስ ጻፍኩ፦ «እሳቸው ሰማንያ ኪሎ፣ እኔ ሃምሳ ስምንት። የሚዛን ፍትሕ የት አለ?» ሳቁብኝ።

ዓርብ ትከሻዬን አመመኝ። ወላሂ አመመኝ! (መሐላውን ከቡታጅራ ልጆች ነው የለመድኩት፤ እንደምታዩት ያላግባብ ነው የምጠቀምበት።)

ይባስ ብሎ አንዱ ተማሪዬ ፖስተር ሠራ። በአንድ በኩል የጋሽ ከድር ፎቶ፣ በሌላ በኩል የእኔ የመታወቂያ ፎቶ። በመታወቂያው ላይ ዓይኔ ተጨፍኗል!

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮፍያ አድርጌ፣ ማስክ ለብሼ፣ አንገቴን ቀብሬ መናኸሪያ ደረስኩ። ወደ ወልቂጤ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ። ነገ እመለሳለሁ፣ ታምሜ ነበር እላለሁ፣ አበቃ።

ኋላ ወንበር ላይ ጃኬቱን ጭንቅላቱ ላይ ጥሎ የተኛ ሰውዬ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተኛ ሰው ጥያቄ አይጠይቅማ!

ሦስት ሰዓት አለፈ። ዳገቱን ጨርሰን ብርዱ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ። ባላነሳው ይጠረጥራሉ ብዬ አነሳሁት።

«ቲቸር! ስፒከር ላይ ነህ! ወጣት ማዕከሉ ሞልቷል፣ የት ነህ?»

ሳልኩ። ድምፄን አደከምኩ። «ኧረ… አልጋ ላይ ነኝ… ታይፎይድ… ከትናንት ጀምሮ ቀና አላልኩም…»

ይህን ጊዜ ረዳቱ ጣሪያውን ደበደበ።

«አረቅጥ! አረቅጥ ወራጅ አለ?!»

በስልኩ ወዲያ ማዶ አዳራሽ ሙሉ ሳቅ። በሳቁ መሀል አንድ ድምፅ መጣ፦

«ቲቸር፣ አልጋህ አረቅጥ ደረሰ እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁት። ሞት ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ ይህንን ይመስላል።

አጠገቤ የተኛው ሰውዬ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ጃኬቱን ሲገልጥ…

ጋሽ ከድር!

«አሰላሙ አለይኩም፣ ቲቸር» አሉ፣ የሳቅ እንባቸውን እየጠረጉ።

«እርስዎ… እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አንተ የምትሠራውን!»

ወዲያው የእሳቸውም ስልክ ጮኸ። የደዋዩን ስም አዩ። እኔን አዩኝ። አጠፉት። እኔም የቀረ ክብር ስላልነበረኝ አብሬ ሳቅሁ።

ትንሽ እንደሄድን ግን ሳቃቸው ቆመ።

«ማክሰኞ ያልከው እውነት ነው» አሉ። «የሸሸሁት ሰው አለ።»

ሠላሳ ዓመት አልፎታል አሉ። የወልቂጤ ልጅ ነው፣ ሀብቴ ይባላል፣ ግራኝ። ሁለቱ ለፍጻሜ ደረሱ። ሰዎች ግራው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም እያሉ ጋሽ ከድርን አስፈራሯቸው። የግጥሚያው ዕለት ንጋት ላይ «እጄ ወለም ብሎኛል» ብለው ለአሠልጣኙ ሰው ላኩና እምድብር አክስታቸው ቤት ገቡ። ከኀፍረት የተነሳ ወደ ክለቡ አልተመለሱም። ጓንትም ዳግመኛ አላጠለቁም።

«ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር» አሉ በመስኮቱ እያዩ። «ተሸንፌ ቢሆን ይረሳኝ ነበር። ይሄ አልረሳኝም አለ። ዛሬ ሄጄ ልነግረው ነው። ፍራሽ ቤት ከፍቷል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ቤተሰብ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ጁስ ቤት ውስጥ ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ የወረወርኩት ነገር የት እንዳረፈ የገባኝ ያኔ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሽ ከድር» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ። ግን አብረኸኝ ግባ። ብቻዬን ከሆንኩ ከበሩ እመለሳለሁ።»

ጋሽ ሀብቴ መላጣ፣ ቦርጫም፣ ደስ የሚሉ ሰው ናቸው። ሦስት ፍራሽ ደርበው ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ከድርን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ከድር?»

ጋሽ ከድር የቤት ሥራ እንዳልሠራ ተማሪ ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። እጁን፣ አክስቲቱን፣ እምድብርን። ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፉ።

ጋሽ ሀብቴ ከፍራሹ ወረዱ።

«አልመጣህም?!» አሉ።

«አልመጣሁም።»

«ኧረ እኔም አልመጣሁም!»

ምን?!

«የቡታጅራው ከድር ቀኙ በሬ ይጥላል አሉኝ። ሰርግ አለብኝ ብዬ ጠፋሁ! አንተ መሀል ሜዳ ቆመህ ስትጠብቀኝ ነው እስከ ዛሬ የሚታየኝ። ቡታጅራ ለቅሶ ሲኖር እንኳ ልጄን ነው የምልከው!»

«ማንንም አልጠየቅህም?»

«በምን ዓይኔ! አንተስ ጠይቀሃል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሳቁ። ከዚያ ትንሽ አለቀሱ። እንደገና ሳቁ። እኔ ወደ ትራሶቹ ዞሬ ዋጋ የምጠይቅ መሰልኩ።

ጋሽ ሀብቴ እንባቸውን ጠርገው «አሁንስ?» አሉ።

ፍራሾቹ ዙሪያውን ቆሙ። መሀሉ ሜዳ ሆነ። በትርፍራፊ ስፖንጅ እጃቸውን ጠቅልለው በሲባጎ አሰሩ።

«ቲቸር፣ ዳኛ ሁን!»

ሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ አንድ ደቂቃ፣ በስልኬ ሰዓት። አብዛኛው መተንፈስ ነበር። ግን የጋሽ ከድር እግር! ጎማ ስር ሲንበረከክ የማውቀው ያ እግር እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ይረግጣል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦክስ እያየሁ አፌን ዘጋሁ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ተቃቅፈው ቀሩ። ትንፋሽ ጨርሰዋል። በቲቪ ያየሁት ትዝ አለኝና «ብሬክ!» ብዬ መሀል ገባሁ።

የጋሽ ሀብቴ ግራ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም።

አፍንጫዬን!

ፍራሽ ላይ ተዘረርኩ። ጋሽ ከድር ከላዬ ቆመው መቁጠር ጀመሩ። «አንድ! ሁለት!» እስከ አስር ጠበቅኋቸው። እውነት ለመናገር ፍራሹ ተመችቶኝ ነበር።

አስቡት! ሦስት ፈሪዎች ተሰብስበን የተመታሁት እኔ ብቻ!

አሁን ሁለቱ አጠገቤ ተቀምጠው ማን እንዳሸነፈ ይጨቃጨቃሉ። ዳኛው ይናገር ብለውኛል። ከሁለቱ ክንድ መሀል ተቀምጬ «እኩል ነው» ብያለሁ። ምን ልበል?

ወጣት ማዕከል ስትጠብቁኝ የነበራችሁ ሁሉ፣ ይቅርታ። ያሳቅኋችሁ ግን ያካክሰዋል።

ቻምፒዮኑስ ሸሽቷል አልሸሸም? ኧረ ሸሽቷል! በዚህ አልደራደርም።

ግን ዛሬ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። ያ እኛ የምንጮህለት ተጋጣሚውስ? ግጥሚያው በተሰረዘ ቁጥር በሩን ዘግቶ «ተመስገን፣ ዛሬም ሸሸልኝ!» እያለ ቢሆንስ?